ከሞጆ እስከ ዶራሌ፦ ከአንድ ሪፈር ኮንቴይነር ጋር

ሰኞ፣ ሞጆ

አቮካዶው ትናንት ሌሊት ከመራዊ ገባ። የቆጋ መስኖ ገበሬዎች የለቀሙት፣ ሃስ የሚባለው ዝርያ ነው፤ ቆዳው ሻካራ፣ ሲበስል የሚጠቁር። የእኛ ጭማቂ ቤቶች ትልልቁንና ልስልሱን ስለሚወዱ ይህን ብዙም አይፈልጉትም። የአውሮፓ ሱቅ በዋናነት የሚገዛው ግን ይህንኑ ነው።

ጠዋት ባለ 40 ጫማው ሪፈር፣ ማለትም ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ውስጥ 20 ፓሌት አስገባን። በአንድ ፓሌት ላይ 264 ካርቶን፣ በድምሩ 5,280፤ ካርቶኑ አራት አራት ኪሎ ይይዛል። ፍሬው ብቻውን ከ21 ቶን ትንሽ ያልፋል። ሙቀቱ 5 ዲግሪ ላይ ተቆረጠ፤ ውስጡ ያለው አየርም ኦክስጅኑ ወደ 4፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ 6 በመቶ እንዲሆን ተደረገ። እንዲህ ሲሆን አቮካዶው ትንፋሹ ይቀንሳል፣ መብሰሉን ያዘገያል። ሮተርዳም እስኪደርስ አራት ሳምንት ገደማ ጠንካራ ሆኖ መቆየት አለበት።

እኔ የላኪው ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ከጭነት ጋር ጅቡቲ መውረድ ሥራዬ አይደለም። ዘንድሮ የምወርድበት ምክንያት አንድ ቁጥር ነው። ኔዘርላንድ ያለው አስመጪያችን ከዋጋና ከጥራት ወረቀት ጋር ሌላ ነገር መጠየቅ ጀምሯል፦ አንድ ኪሎ አቮካዶ እጁ እስኪገባ ድረስ ስንት ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለቀቀበት? ቢሮ ቁጭ ብዬ ከሰንጠረዥ ገልብጬ ብልክለት ማንም አይጠይቀኝም። ሰንጠረዡ አንድ ቶን ዕቃ አንድ ኪሎ ሜትር ለማጓጓዝ ትልቅ የኮንቴይነር መርከብ ከ10 እስከ 20 ግራም፣ ከባድ መኪና ከ60 እስከ 100 ግራም፣ የጭነት አውሮፕላን ከ500 ግራም በላይ ይለቃሉ ይላል። ጥሩ ነው። ግን የመኪናው ቁጥር የተወሰደው ከአውሮፓ መንገድና ከአውሮፓ መኪና ነው። በአፋር በኩል ያለውን የሰርዶን መንገድ የሚያውቅ ሰው ያንን ቁጥር ደፍሮ አይፈርምበትም።

ስለዚህ ማስታወሻ ደብተር፣ የናፍጣ መለኪያ ዘንግና ሁለት የሙቀት መመዝገቢያ ይዤ ከሾፌሩ ጎን እቀመጣለሁ። አመሻሽ ላይ ማቀዝቀዣውን የሚያሠራው ጀነሬተር ከኮንቴይነሩ ፊት ተገጥሞ ተነሳ። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ መኪናው ቢሄድም ቢቆምም ናፍጣ ይቃጠላል። ሾፌሩ ድምፁን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ልጄ፣ እኔ ማዳበሪያ ስጭን ስለ ማዳበሪያው አስቤ አላውቅም» አለኝ። «ይሄኛው እንደ አራስ ነው። ሙቀት አይወድ፣ ብርድ አይወድ፣ መቆም አይወድ።»

ማክሰኞ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። ሾፌሩ ሃያ ምናምን ዓመት በዚህ መስመር ላይ ነው፤ አሰብም ወርዷል፣ ጅቡቲም። ረዳቱ ወጣት ነው፤ ስልኩን በዳሽቦርዱ ላይ ሰክቶ ሙዚቃ ይመርጣል፣ ቁልቁለት ላይ ግን ሳይነገረው ዝም ያሰኘዋል።

አዳማ ስንደርስ ገና አልነጋም፤ የነፋስ ማመንጫዎቹ ቀይ መብራት ኮረብታው ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለቱ የአዳማ ጣቢያዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። ከነሱ ግርጌ የባቡሩ ሽቦ ተዘርግቷል። እኛ ናፍጣ እያጨስን ከኤሌክትሪክ ሐዲድ ጎን ለጎን ስንወርድ ሾፌሩ በጎን ዓይኑ ሐዲዱን እያየ፣ «እሱ ዝም ብሎ ይሄዳል» አለ። ቅናት ይሁን ንቀት አልለየሁትም።

ለምን በባቡር አልጫናችሁም የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔም ጠይቄ ነበር። መልሱ የሰዓት ጉዳይ ነው፤ የእኛ ፍሬ የሚዘጋጅበት ቀንና የባቡሩ ተራ አልተገናኙም። አንድ ሪፈር የያዘ ላኪ ባቡር አያስነሳም፤ ብዙ ላኪዎች ተሰባስበው ቀን ሲቆርጡ ነው የሚሆነው። ለዛሬ መኪና ነው።

ከወለንጪቲ በኋላ ሙቀቱ ይጀምራል። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱንም የድሮውን ሐዲድም አስለቅቆ ነበርና ዛሬ የምናልፈው ከፍ ተደርጎ በተሠራው ላይ ነው። በግራ በኩል ፈንታሌ ተራራ ጥቁር ሆኖ ይታያል። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ምድሩ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ በዚህ አካባቢ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቶ ነበር፤ አስፋልቱም ተሰነጣጥቋል። ሾፌሩ ያን ጊዜም ከመንገዱ አልቀረም።

አዋሽ ያደርነው ቀትር ላይ ገዋኔን ማለፍ ስላልፈለግን ነው። ሞተሩ ጠፋ፤ ጀነሬተሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ አደረ። ዘንጉን ሁለት ጊዜ ነክሬ አየሁ፤ በሰዓት ሦስት ሊትር ገደማ ይጠጣል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በእንቅልፍ ሰዓት ብቻ ሃያ ምናምን ሊትር ሄደ ማለት ነው። ሰንጠረዡ ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለም። «መኪና» የሚል አለ፣ «ኪሎ ሜትር» የሚል አለ፤ «ቆሞ ማደር» የሚል የለም።

ረቡዕ፣ ሎጊያ

ከአዋሽ አርባ ጀምሮ አገሩ ሜዳ ነው። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ መንገዱን በሁለቱም ወገን ዘግቶታል፤ አፋሮች ለግጦሽ የነበረው መሬት ስንቱን እንደዋጠባቸው ሲያወሩ ሰምቻለሁ፣ ከመስኮት ሲታይ ግን አረንጓዴ ስለሆነ ያታልላል። ፍየል የሚያሻግሩ ልጆች እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ሾፌሩ የውኃ ፕላስቲክ ይወረውርላቸዋል። ልማድ ነው።

ዛሬ የያዝኩት ሥራ መኪና ማየት ነበር። ወደ እኛ የሚመጣው፣ ማለትም ሽቅብ የሚወጣው፣ ሁሉም ጭነት አለው፦ ነዳጅ የሞላ ቦቴ፣ ስንዴ፣ ማዳበሪያ፣ ብረት፣ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ። ከእኛ ጋር ቁልቁል የሚወርደው ደግሞ አብዛኛው ባዶ ነው። ቦቴውማ ባዶውን ከመውረድ ሌላ አማራጭ የለውም፤ ነዳጅ ባመላለሰበት ጋን ቡና አይጫንም። ተሳቢዎቹም ሸራቸውን አጥፈው ይንቀጫቀጫሉ። የምናስገባው ከምንልከው በዋጋም በክብደትም ብዙ እጥፍ ስለሆነ ይህ የሚያስገርም አይደለም። በወረቀት ሲሰላ ግን ይረሳል። አንድ ከባድ መኪና ባዶውን ሲሄድ የሚያቃጥለው ናፍጣ ሲጫን ከሚያቃጥለው ግማሽ በታች አይወርድም፤ ያ ናፍጣ የማን ነው? የስንዴው? የማንም አይደለም ከተባለ ሰማዩ አይሰማም።

ሾፌሩን ስጠይቀው ነገሩን በሌላ በኩል አየው። «እናንተ ልዩ ናችሁ። ሁሉም ባዶ ይወርዳል፣ ሞልቶ ይወጣል። የእናንተ ኮንቴይነር ባዶ ይወጣል፣ ሞልቶ ይወርዳል።»

እውነቱን ነው። ወደ ኢትዮጵያ በማቀዝቀዣ የሚገባ ዕቃ ጥቂት ስለሆነ፣ እኛ አቮካዶ ለመጫን ባዶውን ሪፈር ከጅቡቲ ሞጆ ድረስ ማስመጣት አለብን። ያ ባዶ ኮንቴይነር በዚሁ መንገድ ላይ፣ በዚሁ ናፍጣ፣ ከባሕር ጠለል ተነስቶ 1,800 ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጥቷል። በደብተሬ ላይ የመንገዱን ናፍጣ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፌ ነበር፤ ከገዋኔ በኋላ መስመር አስምሬ ከሥሩ ባዶውን የመጣበትን ጨመርኩ። ሾፌሩ በግምቱ ሞልቶ ሲወርድ 400፣ ባዶ ኮንቴይነር ይዞ ሲወጣ 350 ሊትር ይላል። በስምምነት ያዝነው።

ሚሌ ላይ ጉምሩክ አለ። ኮንቴይነሩ ላይ የታሰረው የኤሌክትሮኒክ ማሸጊያ በሳተላይት ስለሚከታተለን ምርመራው አጭር ነው። ድሮ ሰው በሞተር ሳይክል አጅቦ ይወርድ እንደነበር ሾፌሩ እየሳቀ ነገረኝ።

ሎጊያ ገብተን ፍየል ጥብስ በላን። ሠመራ ከዚያ አጠገብ ናት፤ ከተማዋ ቢሮ ናት፣ ሎጊያ ደግሞ ሾፌር ናት። ምሽት ላይ እንኳ ነፋሱ ይሞቃል። ጥር ባይሆን እንዴት እንደምንሆን አላውቅም፤ በሰኔ ማቀዝቀዣው ይህን ሙቀት ለመግፋት ስንት ተጨማሪ እንደሚጠጣ ግን መገመት አያቅትም።

ሐሙስ፣ ከድንበሩ ወዲህ

ሰርዶን አልፈን ዲቾቶ ደረስን። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጅቡቲ ድንበር ጋላፊ፣ አንዱ ወደ ቡሬና አሰብ። ከግንቦት 1990 ጦርነት ወዲህ በአሰቡ መንገድ ጭነት አልወረደም። ሾፌሩ እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ከመታጠፉ በፊት ትንሽ ቀስ ይላል። አልጠየቅኩትም።

ከድንበሩ በፊት አንድ ኬላ ላይ ቆምን። ሰነዳችን ላይ ያለው የማሸጊያ ቁጥር ኮንቴይነሩ ላይ ካለው በአንድ አኃዝ ይለያል። የጻፈው ሰው ስድስትን ዜሮ አድርጎት ነው፤ ማንም ያያል። ለማረም ግን ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ የሚፈርመው ሰው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ዋልን፤ አመሸን፤ አደርን።

ኬላው ላይ በቆምንበት ጊዜ የሄድነው መንገድ ዜሮ ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩን በቶን ኪሎ ሜትር ለሚያሰላ ሰው ያ ጊዜ አልነበረም፤ ምንም አልተለቀቀም። ጀነሬተሩ ግን ሃያ ሰዓት ቆሞ ስድሳ ሊትር ጠጣ፤ 160 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። ወረፋው ላይ ከእኛ ፊትና ኋላ የቆሙት መኪኖችም ግማሾቹ ሞተራቸውን አላጠፉም፤ ጋቢና ውስጥ ያለ ሰው ካልቀዘቀዘለት ይታመማል። ስለ አየር ንብረት በየስብሰባው ሲወራ የሚነሳው የሞተር ዓይነት፣ የነዳጅ ዓይነት፣ የጎማ ዓይነት ነው። እኔ ዛሬ ያየሁት ልቀት ከአንድ አኃዝ የመጣ ነው። ማስተካከያው ፋብሪካ አይፈልግም፣ ብድርም አይፈልግም።

ረዳቱ ከአንዲት ሻይ ቤት ወንበር አምጥቶልኝ በኮንቴይነሩ ጥላ ሥር ተቀመጥን። የሙቀት መመዝገቢያው ከ5 ዲግሪ ንቅንቅ አላለም። አቮካዶው ከሁላችን ይሻላል።

ዓርብ፣ ጅቡቲ

ደብዳቤው ሌሊት መጣ። ጎህ ሲቀድ ጋላፊን ተሻገርን።

በጅቡቲ በኩል ዮቦኪንና ዲኪልን አልፎ እስከ ወደቡ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ድንጋዩ ጥቁር፣ ተራራው ራቁቱን ነው። ከዲኪል በኋላ ግራንድ ባራ የሚባለው ሜዳ ይመጣል፤ ነጭ የሸክላ አፈር፣ ከዳር እስከ ዳር የደረቀ፣ ዛፍ የማይታይበት። ቀጥ ያለ መንገድ ስለሆነ ሾፌሮች ይፈጥናሉ፤ በዳር ወድቀው የቀሩት መኪኖች ብዛት ለዚህ ምስክር ነው። የእኛው ሰው ግን ከ70 አላለፈም። ናፍጣ ስለምለካበት አፍሮ ይሁን ልማዱ ይሁን እንጃ፤ ጠየቅኩት፣ «ፍጥነት ጎማ ይበላል» አለኝና ተወው።

የጅቡቲው ወደብ ዶራሌ ከሰዓት በኋላ ገባን። ኮንቴይነሩ በክሬን ተነስቶ ሪፈሮች የሚቆሙበት ረድፍ ላይ ተቀመጠ፣ አንድ ሠራተኛ ገመዱን ሶኬቱ ላይ ሰካው፣ ጀነሬተሩ ጠፋ። ከሰኞ ማታ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለ። ሾፌሩ «ተገላገልን» አለ።

እዚህ ሶኬት ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከየት እንደሚመጣ ሳስብ ሳቅ አለኝ። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከእኛ ግድቦች ኃይል ትገዛለች፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ጉቤት ላይ የራሷ 60 ሜጋ ዋት የነፋስ ጣቢያ አላት። አቮካዶው አራት ቀን በናፍጣ ቀዝቅዞ፣ የአገሩን የውኃ ኃይል ያገኘው አገር ለቆ ከወጣ በኋላ ነው።

ሾፌሩና ረዳቱ ነገ ማዳበሪያ ጭነው ይመለሳሉ። ተሰናበትን። «ጋሼ፣ በሰላም ግቡ» አልኩት። «አንተም ቁጥርህን አግኝ» አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጅቡቲ

መርከቡ ዛሬ መድረስ ነበረበት፤ ወደ ነገ ዞሯል። ከተማዋ በቀትር ትተኛለች። ከዚያ ጫቱ ይገባል፣ ሁሉም ይነቃል። ጫት ከእኛ አገር በየቀኑ ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ ድንበር ተሻግሮ በሰዓቱ ይደርሳል፤ እሱም የሚበላሽ ዕቃ ነው፣ አንድ ቀን ካደረ ዋጋ የለውም። ለጫት ማንም በአንድ አኃዝ ምክንያት መኪና አያሳድርም። የሚፈለግ ዕቃ ሲሆን መንገዱ እንደሚያጥር አቮካዶ ላኪዎች ቢያጠኑት ይጠቅማቸዋል።

ማታ ከአንድ የአገር ልጅ ጋር ተገናኘሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመርከብ ምሕንድስና ሠልጥኖ ዛሬ በውጭ ኩባንያ መርከብ ላይ ሁለተኛ መሐንዲስ ነው፤ ከመርከብ ወርዶ ነገ ወደ ቤቱ ይበራል። ባሕር በሌለው አገር ተወልዶ በባሕር የሚኖር ትውልድ ስንት እንደሆነ ሰው ያውቅ አይመስለኝም፤ ከጣና ዳር ተነስተው በዓለም ወደቦች ሁሉ ተበትነዋል።

የያዝኩትን ቁጥር ሳሳየው መጀመሪያ ያለኝ «መርከብ ንጹሕ አይደለም፣ ትልቅ ነው እንጂ» ነው። የዓለም መርከቦች በድምሩ ሰው ከሚለቀው በካይ ጋዝ ወደ 3 በመቶ ገደማ ይይዛሉ፤ ትልቅ አገር ያህል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ አሥር ሺህና ከዚያ በላይ ኮንቴይነር ስለሚሸከም ግን ለአንዱ የሚደርሰው ድርሻ ትንሽ ይሆናል። ቀጥሎ ስለ ፍጥነት አወራኝ። መርከብ ፍጥነቱን በአሥር በመቶ ሲቀንስ ሞተሩ የሚፈልገው ኃይል ከሩብ በላይ ይወርዳል፤ ጉዞው ስለሚረዝም የተቆጠበው ነዳጅ በጠቅላላው አንድ አምስተኛ ያህል ይሆናል። «ምንም ማሽን አልተቀየረም፤ መሪውን የያዘው ሰው ብቻ ረጋ አለ» አለኝ። የግራንድ ባራው ሾፌሬ ትዝ አለኝ።

ለምን ታዲያ ሁሉም ረጋ ብሎ አይሄድም? ወደብ ላይ ተራ ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ። ፈጥኖ ደርሶ፣ መልሕቅ ጥሎ፣ ለቀናት ተራ የሚጠብቅ መርከብ ሞልቷል። ተራው አስቀድሞ ተቆርጦ ቢነገረው ኖሮ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ይመጣ ነበር። ይህን ሲለኝ የሐሙሱን ኬላ ነገርኩትና ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ፊቱ ቀጨም አለ። ቀይ ባሕር። ከኅዳር 2016 ጀምሮ በባብ ኤል መንደብ በሚያልፉ መርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስ ብዙዎቹ ኩባንያዎች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀመሩ። ከጅቡቲ ሮተርዳም በስዊዝ 8,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ሲዞር ከእጥፍ በላይ ይሆናል። የእኛ መስመር በጅዳ አድርጎ በስዊዝ ያልፋል ተብሏል፤ ሐሳቡን ከቀየረ ግን አቮካዶው አይቆይለትም። እዚያ ዞሮ ቢሄድ እንኳ ልቀቱ ከአውሮፕላን ጋር አይወዳደርም። ችግሩ የልቀት አይደለም፣ የፍሬው ዕድሜ ነው። በእርግጥ ጦርነት ሲመጣ ነዳጅ ማንም አይቆጥርም፤ መሐንዲሱም ከዚያ በላይ ማውራት አልፈለገም።

ስንለያይ አንድ ነገር አስታወሰኝ፦ መርከብ ላይ ሪፈሮች የሚሰኩት የመርከቡ ጀነሬተር ላይ ነው፣ የሰንጠረዡ ከ10 እስከ 20 ግራም ደግሞ ለተራ ኮንቴይነር ነው። ለማቀዝቀዣው ጨምርበት አለኝ።

እሑድ፣ ጅቡቲ

መርከቡ ጠዋት ገባ፤ ኮንቴይነራችን ከሰዓት በኋላ ተጫነ። ከሩቅ ነው ያየሁት፤ የትኛው እንደሆነ በቁጥሩ ካልሆነ አይታወቅም። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ማክሰኞ፣ ድሬዳዋ

በባቡር ነው የምመለሰው። ከነጋድ ጣቢያ ተነስቶ በዓሊ ሳቢህ አድርጎ ደወሌ ላይ ድንበር ይሻገራል። ጋሪው ውስጥ ንግድ ላይ ያሉ ሴቶች፣ ለዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ ሽማግሌዎች፣ አንድ እንቅልፍ የማይወስደው ሕፃን። ወንበሩ ይቆረቁራል። ግን ጭስ የለውም፣ ሽቅቡንም እንደ ሜዳ ይወጣዋል።

መስመሩ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ የጀመረ፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የኤሌክትሪክ ሐዲድ ነው። ከአዳማ ወዲህ አንድ ሐዲድ ብቻ ስለሆነ ባቡሮች በየጣቢያው ቆመው ይተላለፋሉ። ሁለት ጊዜ ቆመን የጭነት ባቡር ከጅቡቲ ሽቅብ ሲያልፈን አየሁ፤ ኮንቴይነር ተደርድሮ አልቆ አያልቅም። ያን ሁሉ በመኪና ብናደርገው የሎጊያን መንገድ ከጫፍ ጫፍ ይሞላ ነበር። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ ከውኃ ስለሚመነጭ የዚህ ባቡር ልቀት ለእኔ ደብተር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ባቡሩ ግን የራሱ ጣጣ አለው። በሐዲዱ ላይ ግመልና ከብት ይገባል፣ ይሞታል፣ ካሣ ይጠየቃል፣ ባቡር ይዘገያል። ብሎንና ብረት የሚፈታ ሌባ አለ። ቁልቁል የሚወርደውም ባቡር እንደ መኪናው ግማሽ ባዶ ነው፤ ሐዲድ የንግድ ሚዛንን አያስተካክልም። ይልቅ ያ ባዶ ቦታ ለእኛ ዕድል ነው፦ የሚወርደው ባቡር ላይ ሪፈር መጫን አዲስ ጉዞ አይጨምርም፣ የሚሄደውን ይሞላል እንጂ።

ድሬዳዋ አደርኩ። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ጨረስኩ። ከሞጆ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው የቆጠርኩት።

መኪናው ሞልቶ ሲወርድ 1.1 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ባዶውን ሪፈር ይዞ ሲወጣ 0.9፣ ጀነሬተሩ ከሰኞ ማታ እስከ ዓርብ 0.8። የየብሱ ድምር 2.8 ቶን። ባሕሩ በስዊዝ፣ የማቀዝቀዣው ኤሌክትሪክ ተጨምሮ፣ በግምት 4 ቶን ተኩል። ከመንገዱ አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላው የብስ ከጠቅላላው ልቀት ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይወስዳል። በኪሎ ሲመታ 345 ግራም ገደማ ነው። ይኸው ጭነት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ቢሄድ ለኪሎ ወደ ሦስት ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠጋል።

ይህን የመጨረሻ ንጽጽር ለአስመጪው ልልክለት አሰብኩና ተውኩት። አቮካዶ ድሮም አይበርም፤ ዋጋው አያስበርረውም። ያልነበረን ጭስ ቀነስኩ ብሎ መኩራራት ተገቢ አይደለም። በእውነት የሚበረው አበባው ነው፤ ከዝዋይና ከሆለታ የሚወጣው ጽጌረዳ ሌሊት ሌሊት በአውሮፕላን ይሄዳል። ኬንያዎች ከፊሉን በመርከብ መላክ ጀምረዋል፤ ጽጌረዳው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ተይዞ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል። የእኛ አበባ አምራቾች ወደዚያ እንዲመጡ ከተፈለገ ኬላ ላይ ሃያ ሰዓት መቆም አይቻልም፤ አቮካዶ የታገሠውን ጽጌረዳ አይታገሥም። ትልቁ ቁጠባ ያለው እዚያ ነው፣ የሚያግደውም ባሕሩ አይደለም።

የካቲት መጨረሻ፣ አዲስ አበባ

ከሮተርዳም የመቀበያ ሪፖርቱ መጣ። መርከቡ በስዊዝ አልፏል፤ ጅዳ ላይ ኮንቴይነር ሲያዛውሩ ከታሰበው በላይ ቆይቷል። ፍሬው ጠንካራ ነው፤ ከበሩ አጠገብ ባሉት ሁለት ፓሌቶች ላይ ጥቂት ካርቶን መለስለስ ጀምሮ ተገኝቷል፣ ዋጋ አልተቀነሰበትም። የሙቀት መመዝገቢያዎቹን አንብበው ልከውልኛል። ከሐሙሱ ይልቅ ጅዳ ላይ አንድ ሌሊት ወደ 7 ዲግሪ ከፍ ብሏል፤ ሶኬቱ ለጥቂት ሰዓት ተነቅሎ ነበር ማለት ነው።

አስመጪው ቁጥሬን ተቀብሎ ጥያቄ ላከ፦ ለምን የየብሱ ክፍል ከሌሎች አገሮች ላኪዎች ከፍ አለ? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ መርከቦችን ለካርቦን ስለሚያስከፍል የባሕሩን ድርሻ አብጠርጥሮ ያውቀዋል፤ የየብሱን ግን ከእኔ ነው የሰማው። ባዶውን የመጣውን ሪፈርና የጀነሬተሩን ሰዓት አስረድቼ መለስኩለት። ሌሎቹ እነዚህን ቆጥረው እንደሆነም እንዲጠይቅልኝ ለመንኩት።

ድርጅታችን ከሌሎች ሁለት ላኪዎች ጋር ቀን ቆርጦ የሚቀጥለውን ጭነት በባቡር ሊያወርድ ተስማምቷል። ሦስት ሪፈር ባንድ ላይ፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ። ጀነሬተር አብሮ መጫኑ አልቀረም፤ ግን ቀን ተኩል ቢፈጅ እንኳ የናፍጣው ሰዓት ከግማሽ በታች ይወርዳል። የማሸጊያ ቁጥሩን በሰነዱ ላይ ሁለት ሰው እንዲያመሳክር በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ ሥራ አስኪያጁ ፈርመውበታል። ከጭነቱ ጋር እንድሄድ ጠይቄ ነበር፤ በጭነት ባቡር ላይ ለጥራት ተቆጣጣሪ ወንበር የለም ተባልኩ። መመዝገቢያዎቹን አራት አድርጌ በየበሩ አጠገብ እንዲገቡ አዝዣለሁ።